ትራንዚስተር፦ ስታቲክና ዳይናሚክ ካራክተሪስቲክስ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

የኮምቦልቻው፦
ሰላም ጓዶች፣ ላብ ላይ የቢሲ 547 ትራንዚስተርን ከርቭ ስናወጣ ቤዝ ከረንቱን (መቆጣጠሪያ እግሩ ላይ የሚገባውን) 30 ማይክሮ አምፔር ላይ አድርገን የኮሌክተሩን (ዋናው ከረንት የሚገባበትን እግር) ቮልቴጅ ከ2 እስከ 10 ብንወስደው የኮሌክተሩ ከረንት 6 ሚሊ አምፔር አካባቢ ቁጭ ብሎ ቀረ። ከዛ ኮሌክተሩ ላይ 1 ኪሎ ኦም አስገብተን 12 ቮልት ስንሰጠው ግን ቤዙን ትንሽ ስንነካው ቮልቴጁም ከረንቱም አብረው ይሮጣሉ። ያው ትራንዚስተር አይደል እንዴ?? የቱ ነው ትክክለኛ ጠባዩ፣ ፈተና ደርሷል እባካችሁ

ደሴ ጠጋኝ፦
አብሽር ወንድሜ ሁለቱም የሱ ነው። ስታቲኩን ስታወጣ ሬዚስተር የለም፣ ቮልቴጁን የያዝከው አንተ ነህ በፓወር ሰፕላዩ፣ ከረንቱ ወጣ ወረደ ቮልቴጁ ምንም አይመስለውም። ሬዚስተር ስታስገባ ግን ቮልቴጁን የሚወስነው ራሱ ከረንቱ ነው፣ ዳይናሚክ የሚሉት ይሄንን ነው። 6 ሚሊ አምፔር ሲያልፍ 1 ኪሎ ኦሙ 6 ቮልት ይበላና ለትራንዚስተሩ 6 ይተርፈዋል፣ ቤዙን 40 ብታደርገው ከረንቱ 8 ቮልቴጁ 4፣ 20 ብታደርገው 4 እና 8። እነዚህን ነጥቦች እዛው ስታቲክ ከርቭህ ላይ አስቀምጠህ አገናኛቸው፣ ከ12 ቮልት ተነስቶ 12 ሚሊ አምፔር ላይ የሚያርፍ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣልሃል፣ ሎድ ላይን የሚሉት እሱን ነው። መስመሩ ደግሞ የትራንዚስተሩ አይደለም፣ የሬዚስተሩና የሰፕላዩ ነው፣ ሌላ ትራንዚስተር ብትቀይርበት መስመሩ ያው ነው፣ ትራንዚስተሩ እላዩ ላይ የት እንደሚቆም ነው የሚለየው።

ሀይቅ ዳር፦
@ደሴ ጠጋኝ ጥሩ ብለሃል። እኔ የምጨምረው በካፓሲተር በኩል ሌላ 1 ኪሎ ኦም ሎድ ከሰቀልክበት ለሲግናሉ ሁለቱ ፓራለል ሆነው 500 ኦም ነው የሚታየው፣ ኪው ፖይንቱ (ሲግናል ሳይኖር ትራንዚስተሩ የሚያርፍበት ነጥብ) ሳይነቃነቅ የመስመሩ ቁልቁለት ይጨምራል፣ የ2 ሚሊ አምፔር ለውጥ 2 ቮልት መስጠቱ ቀርቶ 1 ይሰጣል። እና ዳይናሚክ ሲሉ ፍጥነትንም የሚሉ አሉ፣ ሳቹሬሽን ከገባ (ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ) በኋላ ለመዝጋት የሚዘገይበትን ማለቴ ነው፣ ያን ስታቲክ ከርቭ ላይ ብትፈልገው አታገኘውም።

የኮምቦልቻው፦
ኧረ ተባረኩ አሁን ገባኝ!! ግን አንድ ነገር፣ ደሴ ላይ አሪፍ የነበረ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) እዚህ ኮምቦልቻ ሲመጣ ለምን ድምፁ ይሰነጠቃል?

ደሴ ጠጋኝ፦
ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሀረጎን ስትወርድ ሙቀቱ ነዋ። ሙቀት ስታቲክ ከርቩን ራሱን ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ በቤዙና በኤሚተሩ (ከረንቱ የሚወጣበት እግር) መካከል የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በየዲግሪው ወደ 2 ሚሊቮልት ይቀንሳል። የቤዙን ቮልቴጅ በሁለት ሬዚስተር አስረህ ኤሚተሩን ቀጥታ ግራውንድ ካደረግከው 10 ዲግሪ ሲጨምር 20 ሚሊቮልት ነው፣ እሱ ደግሞ ከረንቱን እጥፍ ለማድረግ ይበቃል፣ 6 የነበረው 12 ጋ ተጠግቶ መስመሩ ጫፍ ላይ ይለጠፋል፣ የሲግናሉ አንድ ወገን ተቆረጠ ማለት ነው፣ ድምፁ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። ኤሚተሩ ላይ 180 ኦም ጨምርና ቤዙን እንደገና አስተካክል፣ እሱ ላይ 1 ቮልት ገደማ ስለሚያርፍ 20 ሚሊቮልቷ ከቁጥር አትገባም።