ማርሴሎ ጋርሲያ በ28 ዓመቱ ከውድድር መራቁ ታላቅነቱን ቀነሰበት ወይስ አልቀነሰበትም? (ክርክር)

አስተባባሪ፦ ሰላም ወገኖች። ባለፈው ስለ ሌላው የጁጂትሱ ሻምፒዮን ስለ ሮጀር ግሬሲ ስናወራ ጨዋታው «እሱ ይበልጣል ወይስ ማርሴሎ ጋርሲያ?» ወደሚል ዞሮ ተበጠበጠ። ዛሬ ለብቻው እናውጣው። ለአዲስ ገቢዎች በአጭሩ፦ ሰውየው ብራዚላዊ ነው፤ በ1983 ሚናስ ዤራይስ ውስጥ ፎርሚጋ በምትባል ከተማ ተወለደ። በብራዚል ጁጂትሱ (መሬት ላይ እየተያያዙ በማነቅና መገጣጠሚያ በመቆለፍ የሚደረግ ትግል) 5 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ2004፣ 2006፣ 2009፣ 2010 እና 2011። ያለ ጂ (ያለ ወፍራሙ የጁጂትሱ ልብስ) የሚደረገውን ትልቁን የትግል ውድድር ኤዲሲሲን ደግሞ 4 ጊዜ በልቷል፤ በ2003፣ 2005፣ 2007 እና 2011። በ2011 ሁለቱንም ካነሳ በኋላ ከ13 ዓመት በላይ አልተወዳደረም። ኒውዮርክ በከፈተው ጂም ያሠለጥን ነበር። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ስድብ የለም። «አንተ ምን ታውቃለህ» ማለትም ስድብ ነው።

የካዛንቺሱ፦ ቀንሶበታል። ምን ያከራክራል? ሮጀር 10 የዓለም ወርቅ አለው። ቡሼሻ የሚባለው ሌላው ብራዚላዊ 13። ማርሴሎ 5። ደግሞ የክብደት ገደብ የሌለውን ምድብ ኤዲሲሲ ላይ አንድም ጊዜ አልወሰደም። በ2007 ፍጻሜ ደርሶ ሮበርት ድራይስዴል አንቆ ሸኘው። ጉልበትህ ገና ሳለ ትተህ ከሄድክ፣ የቀረውን ወርቅ ሌላ ሰው ይወስደዋል። ወሰዱትም።

ሰማያዊ ቀበቶ፦ ወንድሜ፣ ሚዛኑን የት ጣልከው? ማርሴሎ ኤዲሲሲ ላይ የሚገባው በ77 ኪሎ ነው። ሮጀር በ2005 ያሸነፈው በ99 ኪሎ ምድብ ነው። ቡሼሻን ተወው፣ ቁምሳጥን ነው። በ77 ኪሎ ገደብ የሌለው ምድብ ፍጻሜ መድረስ በራሱ ጉድ ነው። የዩኤፍሲ (የድብልቅ ማርሻል አርት ውድድር) ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረውን ሪኮ ሮድሪጌዝን አሸንፏል እኮ! የ2003ቱንስ? የማጣሪያውን ውድድር ተሸንፎ፣ ሳኦ ፓውሎ ላይ ሰው ስለጎደለ ተጠርቶ የገባ የ20 ዓመት ልጅ። ሬንዞ ግሬሲን አሸነፈ። ሻኦሊን የሚባለውን ቪቶር ሪቤይሮን በሰከንዶች ውስጥ አንቆ አስተኛው። ከዚያ ወርቁን ይዞ ወጣ። ያን ቀን ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር።

የካዛንቺሱ፦ 2003ን ማን ካደ? እኔ የማወራው ከ2011 በኋላ ስላለው ባዶ ቦታ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ እዚህ ሜሪላንድ ነው የምሠለጥነው፣ ከወንዶች ጋር። አብዛኞቹ በ20 ኪሎ ይበልጡኛል። ስለዚህ ይሄ ጉዳይ ለእኔ ወሬ አይደለም። የወርቅ ቆጠራውን ለእናንተ ትቼ ሌላ ነገር ልበል።

ማርሴሎ በጉልበት ብቻ የሚሠራ ነገር አይወድም። ትልቅ ሰው ላይ የማይሠራውን ነገር ገና ከመጀመሪያው ይተወዋል። የተቃራኒውን አንድ ክንድ በሁለት እጁ ይይዝና ወደ ጎን ይስበዋል። ሰውየው ሚዛኑን ሲፈልግ እሱ ከኋላ ነው። ከዚያ አንዱ እጅ በትከሻ ላይ፣ ሌላው በብብት ሥር፤ ደረት ላይ ይቆላለፋሉ። እንደ ታዘለ ሕፃን ደረቱን ከሰውየው ጀርባ ጋር ያጣብቃል። እግሮቹ በሰውየው ጭኖች መሃል ይገባሉ። ተንከባለል፣ ተነሣ፣ ዝለል፤ አብሮህ ነው። ማነቁ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሥራው ግን ቀድሞ አልቋል። ይሄን የተማርኩት ከአሰልጣኜ ነው፤ አሰልጣኜ ደግሞ የተማረው ከማርሴሎ ቪዲዮ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ሰውየው ገና እየተወዳደረ ሳለ የጂሙን ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ለከፋዮች ይለቅ ነበር። ሊገጥሙት የተዘጋጁ ሰዎች እያንዳንዱን እንቅስቃሴውን ማየት ይችሉ ነበር። ሌላው ምስጢሩን ይደብቃል፣ እሱ ይሸጣል። እንደዚያም ሆኖ በ2010 እና በ2011 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ይሄ 6ኛ ወርቅ ከመጨመር አይበልጥም?

ጁዶዋ፦ ጥሩ ብለሻል፣ ግን ሁለት ነገር እየቀላቀላችሁ ነው። ታላቅ ተወዳዳሪና ታላቅ አሰልጣኝ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አሰልጣኙን ጆን ዳናኸርን እዩ። የዓለም ወርቅ የለውም። ግን ጎርደን ራያንን፣ ጋሪ ቶናንን ያወጣው እሱ ነው። ሻምፒዮን መሆን ለአሰልጣኝነት ግዴታ ካልሆነ፣ አሰልጣኝነትም የሻምፒዮንነት ማሟያ ሊሆን አይችልም።

ሰማያዊ ቀበቶ፦ ማርሴሎስ ማንን አላወጣም? ማቴውስ ዲኒዝ በ2019 ኤዲሲሲን በ88 ኪሎ በላ። ቤርናርዶ ፋሪያ ኒውዮርክ ከማርሴሎ ዘንድ እየሠለጠነ በ2015 የዓለም ሻምፒዮና ላይ የራሱን ሚዛንም ገደብ የሌለውንም ጠራርጎ ወሰደ።

የካዛንቺሱ፦ ፋሪያ ጥቁር ቀበቶውን ይዞ ነው የመጣው። የሌላ ሰው ልጅ አሳድጎ የኔ ነው ማለት አይቻልም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ማሳደጉን ካመንክ ይበቃኛል 😄

አቡዳቢ ነኝ፦ ሹፌር ነኝ፣ የአሠሪዎቼን ልጆች ጁጂትሱ የማደርሰው እኔ ነኝ። ኤዲሲሲ የሚባለው ነገር መነሻው እዚሁ መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ሼክ ታህኑን ቢን ዛይድ ናቸው ያቋቋሙት፣ የመጀመሪያው ውድድር በ1998 እዚሁ አቡዳቢ ነበር። ዛሬ እዚህ ጁጂትሱ ትምህርት ቤት ውስጥ ይሰጣል። አብዛኛው አስተማሪ ብራዚላዊ ነው። ቁጭ ብዬ ስጠብቅ አያቸዋለሁ። ወላጅ መጥቶ «ስንት ወርቅ አለህ?» ሲል አልሰማሁም። «ልጄ መቼ ቀበቶ ይቀይራል?» ነው ጥያቄው። እናንተ ለታላቅነት የምትሰጡት ክብር ምንጣፉ ላይ ሌላ መልክ አለው ለማለት ነው።

ጁዶዋ፦ ወላጅ ሁሉ እንደዚያ ነው ወንድሜ፣ ጁዶም ላይ። ግን ጥያቄው ለወላጅ አይደለም።

ሰማያዊ ቀበቶ፦ ደግሞ ተመልሷል እኮ! በ2023 የሆድ ካንሰር እንዳለበት ተነገረው። ታከመ፣ ዳነ። በጥር 2025 ባንኮክ ላይ፣ በ42 ዓመቱ፣ ጃፓናዊውን ማሳካዙ ኢማናሪን አንቆ እጅ አሰጠው። ከዚህ በኋላ «ትቶ ሄደ» ማለት ይከብዳል።

የካዛንቺሱ፦ ስለ ሕመሙ ከልቤ ነው የማከብረው፣ እሱ ላይ ቀልድ የለኝም። ኢማናሪ ግን 48 ዓመቱ ነበር። ለትዝታ የሚደረግ ግጥሚያና የዓለም ፍጻሜ አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም።

አሁን ዋናውን ልናገር፣ እስካሁን ማንም አልነካውም። ማርሴሎ የሄደው ጨዋታው ሊቀየር ሲል ነው። ከ2011 በኋላ የእግር ቁልፍ ዘመን መጣ። ሂል ሁክ (ተረከዝ ይዞ ጉልበትን የሚጠመዝዝ ቁልፍ) ሁሉን ነገር ገለባበጠው። በ2019 ላክላን ጋይልስ፣ ያውም 77 ኪሎ ተወዳዳሪ፣ በሂል ሁክ ግዙፎቹን እየጣለ ኤዲሲሲ ገደብ የሌለው ምድብ ላይ ነሐስ ወሰደ። የማርሴሎ ጨዋታ ደግሞ ከሥር ሆኖ እግሩን በተቃራኒው እግሮች መሃል ማስገባት ነው። ያ አቀማመጥ ለአዲሶቹ እግር ቆላፊዎች ምን ያህል ይከፈት ነበር? አናውቅም። ያላወቅነው ደግሞ እሱ ስላልቆየ ነው። ሮጀር ግን በ2017 ሪዮ ላይ ወጣቱን ቡሼሻን ገጥሞ፣ ከጀርባ አንቆት፣ ከዚያ ነው ጡረታ የወጣው። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ይሄኛው እውነተኛ ነጥብ ነው። ግን ሮጀርም ያንን የገጠመው በጂ ነው፤ ሂል ሁክ በሌለበት። የእግር ቁልፉን ፈተና ሮጀርም አልተፈተነም። ለአንዱ ጉድለት የሆነው ለሌላው ለምን ይታለፋል? ደግሞ እነዚያ እግር ቆላፊዎች ከሥር ለመግባት የሚጠቀሙበትን ኤክስ ጋርድ (ከሥር ሆኖ እግርን በኤክስ ቅርጽ አቆላልፎ የቆመን ሰው መቆጣጠሪያ) ማን አሳወቀው? ማርሴሎ ነው። ባሳየው ነገር ላይ ነው የገነቡት።

የካዛንቺሱ፦ ስለ ጂው ትክክል ነሽ። ስለ ኤክስ ጋርዱም። የገነቡትን ነገር ቆሞ ቢገጥማቸው ነበር እኔ የምፈልገው። 2013 ላይ 30 ዓመቱ ነበር፣ ቤይጂንግ ኤዲሲሲ ሲደረግ። በ30 ዓመት የሚያልቅ ሰው አልነበረም። ድምፄ ለሮጀር ነው።

አቡዳቢ ነኝ፦ የእኔ ለማርሴሎ ይቆጠርልኝ። ልጆቹ ወጡ፣ መንገድ ላይ ነኝ።