የቡና ሰዓት ምስጋናችን የቃል ልማድ ሆነ፤ ምን ይሻላል?

ጎንደር፣ አዘዞ ነን። ማታ ቡና ሲፈላ፣ አቦል ላይ እያንዳንዱ ሰው የዕለቱን ምስጋና ይናገራል። ልጆቹ ግን "ጤና፣ ሰላም" ብለው ያልፋሉ። በየቀኑ ሲደጋገም ይለመዳል፣ ጥቅል ቃልም ልብ አይነካም። ኤመንስና ማክካሎ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ምስጋና ባወጡት ጥናት አንዱ ቡድን የሚያመሰግንበትን የጻፈው በሳምንት አንዴ፣ እስከ 5 ነገር፣ ለ10 ሳምንት ነበር። ስለዚህ ወደ እሑድ ላዛውረውና "ማን፣ ምን አደረገልህ፣ ምን ያህል ደከመበት?" ብዬ ልጠይቅና መልሱን ላስጽፍ አስቤያለሁ፤ ለምሳሌ ውኃ ሲመጣ በሌሊት ተነስታ ጀሪካን የምትሞላዋን እህታቸውን እንዲያስቡ። የከበደኝ አያታቸው ናቸው፦ "ምስጋና ለእግዚአብሔር ነው፣ ለሰው ማብዛት ያኮራል" ይላሉ። ቃላቸውን ማቃለል አልፈልግም። ሁለቱን እንዴት ላስማማ? መጻፍ ለማትችለው የ5 ዓመት ልጅስ ሥዕል ይበቃል? የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።