ለማረጋጋት ሥራ ኮንሰልታንት መቅጠር ያዋጣል ወይስ ብር ማባከን ነው? (ክርክር)

አወያይ፦ ሰላም ጎረቤቶች። እሁድ ስለሆነ ብዙ ሰው ኦንላይን አለና አንድ ነገር እናንሳ። ሰሞኑን እዚሁ ቱሉ ዲምቱ የእድር ሰብሳቢዎችን አዳራሽ ጠርተው ስለ ማህበረሰብ ደህንነት ሲያወያዩ ነበር፣ የመጡት ከአንድ አማካሪ ድርጅት ነው፣ ግጭት ባለባቸው ክልሎችም ይሄንኑ እንሰራለን ብለዋል አሉ። ጥያቄው፦ ወሎም ሆነ ወለጋ፣ ትግራይም ሆነ አፋር፣ አካባቢ ለማረጋጋት ኮንሰልታንት ያስፈልጋል ወይ? ስድብ የለም፣ ብሄር ማንሳት የለም። ቮይስ አትላኩ፣ ፃፉ።

አይሱዙ፦ ምን ጥያቄ አለው፣ ብር መብላት ነው። እኔ የጎጃም መስመር ሹፌር ነኝ። በ2016 ሰኔ ማለቂያ ላይ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከነአውቶብሳቸው የታገቱት ገርበ ጉራቻ አካባቢ ነው፣ ማን ነው በስትራቴጂ ያስጣላቸው? እኛ መንገዱ ሰላም ነው አይደለም የሚለውን ተደዋውለን ነው የምናውቀው፣ ከፊት ያለፈው ልጅ ፍቼ እደሩ ካለ ፍቼ እናድራለን አበቃ። ለዚህ ለማንም አምስት ሳንቲም አልከፈልንም።

ኤንጂኦ ቤት፦ ወንድሜ ይሄ ያልከው እኮ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ነው፣ እነሱም የሚሰሩት ይሄንኑ ነው። ኢጋድ ሴዋርን የሚባለውን በፈረንጆች 2002 ሲያቋቁም፣ ቢሮው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ አርብቶ አደር ባለበት ድንበር ላይ ሰው አስቀምጦ ከብት ተነዳ፣ ወጣት ተሰበሰበ፣ ገበያ ቀረ እያለ ወሬ እንዲልክለት ነው። የናንተ ስልክ የሚያድነው ሹፌርና ሹፌር የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። በእግሯ ገበያ የምትሄደው ሴትዮ ማን ይደውልላታል? ደውሎስ ማን ይደርስላታል? ወሬውን ከሚደርስላት ሰው ጋር ማገናኘት ነው ሥራው።

አይሱዙ፦ "ማን ይደርስላታል" ላይ ነው እኮ ነገሩ። ወሬ መች ጠፋ።

ሻምበል (ጡረታ)፦ ልጆች እኔ በፖሊስ ቤት ኖሬ የማውቀውን ልናገር። ኮሙኒቲ ፖሊሲንግ (ፖሊስ ከነዋሪው ጋር ሆኖ የሚሰራበት) ሲመጣም እንዲህ በስልጠና ነው የጀመረው፣ የሰራው ግን ኦፊሰሩ ቀበሌው ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው፣ ቶሎ ቶሎ የሚዛወርበት ጋ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ለማንኛውም መሳሪያ ሳይወርድ ማረጋጋት የለም። የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን 371 ሺህ ገደማ የቀድሞ ታጣቂ ወደ ሰላማዊ ኑሮ እመልሳለሁ ብሎ በ2017 ህዳር ከትግራይ ጀምሯል። እሱ ይቅደም፣ ጥናቱ ይደርሳል።

ኤንጂኦ ቤት፦ ሻምበል እሺ መሳሪያውን አስረክቦ አበሉን ተቀብሎ መንደሩ ገባ እንበል፣ መንደሩስ ይቀበለዋል ወይ? መሬቱን ሌላ ሰው እያረሰው ቢያገኘውስ? እዚያ ላይ ነው ተመልሶ ጫካ የሚገባው። ይሄን ቀድሞ የሚያጠና ሰው ያስፈልጋል ነው የምለው።

ዳታ ሰብሳቢው፦ እኔ ከሁለታችሁም ጋር አልስማማም። ከጦርነቱ በኋላ ለአንድ ጥናት ሰሜን ወሎ ዳታ ስሰበስብ ነበር፣ ኮቦ ከተማ ውስጥ ኮቦ የሚባል አፕ የተጫነበት ታብሌት ይዤ (አዎ ሳቁ፣ እኛም ስቀናል)። ፎርሙ ላይ "ባለፉት ስድስት ወራት ምን ያህል ደህንነት ይሰማዎታል፣ ከ1 እስከ 5" ይላል። አንዷን እናት ስጠይቃት "ቀን ነው ማታ? ብቻዬን ነው ከሰው ጋር?" አለችኝ፣ ፎርሙ ግን ለዚህ ቦታ የለውም። ወሬዋን ስትቀጥል ጉዳዩ ቦኖው ነው፣ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ የሚከፍተው ሳይነጋ ነው፣ ሰልፍ እንዳያልፋት በጨለማ ትወጣለች፣ መንገድ ላይ ደግሞ የታጠቁ ልጆች አሉ፣ የማን እንደሆኑ አታውቅም። እኔ 2 ብዬ ሞላሁ። በኋላ ሪፖርቱን አፈላልጌ ሳየው ምክረ ሃሳቡ "የሴቶችን ተሳትፎ ማጠናከር" ይላል። ቦኖ የሚል ቃል የለውም!! ሰውዬው አንድ ሰዓት ላይ ይክፈት ማለት ስንት ብር ይፈጃል? ሪፖርቱ ደግሞ ወደዚያ ቀበሌ አልተመለሰም፣ ዶነሩ (ብር ሰጪው) ጋ ሄዶ ቀረ።

ዳታ ሰብሳቢው፦ እና ኮንሰልታንት አያስፈልግም አላልኩም፣ ችግሩ ቲኦአሩ (አማካሪው ምን ሰርቶ እንዴት እንደሚከፈለው የሚለው ሰነድ) ላይ ነው። ከፋዩ ማን ነው፣ አለቃውም እሱ ነው። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ዶነሩ "አፕሩቭድ" ሲል ነው እንጂ መልስ የሰጠው ህዝብ አዎ ይሄን ብያለሁ ሲል አይደለም። ይሄን አንድ አንቀፅ ቀይሩልኝና ግማሹ ነገር ይስተካከላል።

የልጆች እናት፦ እኔ ግን ሽማግሌ ባለበት አገር ለምን ፈረንጅኛ ፎርም እንደሚመጣ አይገባኝም። ኬንያ ዋጂር ውስጥ በ1993 እ.ኤ.አ አካባቢ ሶማሌዎቹ በጎሳ ሲጫረሱ ነገሩን የጀመሩት ገበያ ያሉ ሴቶች ናቸው፣ ከየትኛውም ጎሳ የመጣች ሴት ትግዛ ትሽጥ፣ ማንም አይከልክላት ብለው ራሳቸው ተራ ገብተው ይጠብቁ ነበር፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ጋ ሄዱ፣ ሽማግሌዎቹም ተፈራረሙ። ደካ ኢብራሂም አብዲ ከነሱ አንዷ ነበረች፣ በ2007 እ.ኤ.አ እስከ ስዊድን ሄዳ ተሸልማበታለች። ማንም አማካሪ አላዘዛቸውም።

ከወለጋ፦ እትዬ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሽማግሌ ሽማግሌ የሚባለው ነገር ላይ እኔን ስሙኝ። እኔ ተፈናቅዬ ነው እዚህ የተከራየሁት። የኛ አካባቢ እርቅ ተደረገ፣ በሬ ታረደ፣ ይቅር ተባባሉ ተባለ፣ ቤቴ ውስጥ ግን ሌላ ሰው ይኖራል፣ ሽማግሌዎቹ እሱን ነገር አንድ ቀን አላነሱትም፣ ምክንያቱም የሚኖረው ሰው የአንዱ ዘመድ ነው። የቤቱ ካርታ አለህ ወይ፣ ግብር የከፈልክበት ደረሰኝስ ብሎ የጠየቀኝ ከውጭ የመጣ የጥናት ልጅ ነው። ቤቱን አላስመለሰልኝም፣ ግን ጠየቀኝ፣ ፃፈው።

የደሴ ልጅ፦ ትክክል። ወሎ ውስጥ አበጋር አለ፣ ደም ያደርቃል፣ አማራ ኦሮሞ አፋር አርጎባ ሳይል ያስታርቃል፣ እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው። ግን አበጋር የሚሰራው ገዳይ ሲታወቅ ነው፣ የገዳይ ቤተሰብ ካሳ ይከፍላል የሟች ቤተሰብ ይቀበላል። የዛሬው ታጣቂ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ አንዳንዴ የመንግሥት አንዳንዴ የሌላ፣ ካሳውን ከማን ትቀበላለህ? ይሄን አበጋሮቹ ራሳቸው ይሉታል።

የልጆች እናት፦ እሱስ እውነት ነው። ግን ፎርሙ መልስ አለው ወይ?

አይሱዙ፦ የለውም 😂

ዳታ ሰብሳቢው፦ ለብቻው የለውም። አፍጋኒስታንን እዩ፣ አሜሪካ በፈረንጆች ከ2002 እስከ 2017 ለማረጋጋት ሥራ ብቻ 4.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥታለች፣ ከዛ የራሷ ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት ሲጋር በፈረንጆች 2018 ምን አለ፣ ብሩ በዛ፣ ተቸኮለ፣ የሚለካው ስንት ሰላም መጣ ሳይሆን ስንት ብር ወጣ ተብሎ ነበር፣ የተረጋጋውም ቦታ ወታደሩ ሲወጣ አብሮ ወጣ። ወደኛም ብር ይመጣል፣ የዓለም ባንክ ብቻ በ2014 ሚያዝያ ግጭት ለጎዳቸው አካባቢዎች 300 ሚሊዮን ዶላር አፅድቋል። አማካሪውን ብታባርሩት ብሩ በሽማግሌና በካቢኔ ስም ይበላል፣ ብትቀጥሩት በወርክሾፕ ይበላል። ስለዚህ እኔ የምከራከረው ሰነዱ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም ተፅፎ መልስ ለሰጠው ቀበሌ ይነበብ፣ ቀበሌው "አላልንም" ካለ ክፍያ ይያዝ ነው።

ኤንጂኦ ቤት፦ ሃሳቡ ጥሩ ነው ግን ሜዳ ላይ ከባድ ነው። ሰው ስለታጣቂ የተናገረውን ቀበሌ ላይ ብታነበው ተናጋሪውን አስገደልከው ማለት ነው። በጣም ብዙ ነገር ሆን ተብሎ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው፣ ሁሉም ስንፍና አይደለም።

ሻምበል (ጡረታ)፦ ይሄኛው ነጥብ ልክ ነው። ጠቋሚ ተብሎ የሞተ ሰው አውቃለሁ።

ዳታ ሰብሳቢው፦ ልክ ነው እቀበላለሁ፣ የታጣቂው ይቅር። ቦኖው ግን ምን ሚስጥር አለው? የሚነበበውን ከማይነበበው መለየት ራሱ የአማካሪው ሥራ ይሁን፣ ለዚህ አይደል ደሞዙ።

አይሱዙ፦ እሺ የኛስ? አዳራሹ ውስጥ የተባለው የታለ? ሰፈራችን ማታ ማታ ስልክ መንጠቅ ብሶበታል፣ ሰላም ሰራዊት ልጆቹም ዝናብ ሲመጣ የሉም።

አወያይ፦ ጋሼ የእድር ሰብሳቢ እዚህ ካሉ፣ አማካሪዎቹ የፃፉትን ረቂቅ ሰጥተዋችኋል?

የእድር ሰብሳቢ፦ አለሁ ልጆች፣ እያነበብኩ ነው። ወረቀት አልሰጡንም፣ የፈረምነው አቴንዳንስ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ላፕቶፕ ላይ ሲፅፉ ነበር። እኔ ስለ መብራት ተናግሬያለሁ፣ ከታክሲ ማዞሪያው እስከ ብሎኮቹ ያለው ፖል እንደተተከለ አምፖል የለውም ብዬ፣ ልጅቷ ፅፋዋለች መሰለኝ። ስልኳ አለኝ፣ ነገ እደውላለሁ፣ ፒዲኤፍ ከላከች እዚህ እለጥፈዋለሁ፣ የሚተረጉም ሰው ግን ከአሁኑ ይመዝገብ።