«ሙተር» ሲበዛ ምን ይሆናል? እናትና ዳዶ ተምታቱብኝ

ጎማ ቤት፦ ሰላም ወገን። ጀርመን ነኝ፣ ጋራዥ ውስጥ ሙያ እየተማርኩ ነው። ትናንት መኪናዋን ከክሪክ አውርደን ወረቀቷን ሳይ «ራድሙተርን ናኽ 50 ኪሎሜተር ናኽጺየን» ይላል። እኔ የማውቃት ሙተር እናት ናት። እንግዲህ ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ የጎማውን እናቶች አጥብቅ ነው የሚለው? አለቃዬ እየሳቀ ቡሎን ላይ የምትገባዋን አሳየኝ፣ ለካ ዳዶ ነው። እሺ ይሁን። ግን ቋንቋ ክፍል «እናቶች» ሲባል «ሚተር» ነው ብለውናል (ሚ ሲባል ከንፈር አሹላችሁ ነው፣ በኛ ፊደል አልመጣ አለኝ)። ታዲያ ዳዶ ሲበዛ ለምን «ሙተርን» ሆነ? ደግሞስ ቁጥር ሲገባበት? እኛ «አሥራ ሁለት ዳዶ» ብለን በነጠላ እንተወው የለ? ሐሙስ ፈተና አለብኝ።

የቆሎ ተማሪ፦ ይሄማ ያለቀለት የግዕዝ ነገር ነው። ኮከብ ከዋክብት፣ መልአክ መላእክት፣ ሀገር አህጉር። ቃሉ ሆዱ ውስጥ ነው የሚበዛው። ሙተር ሚተርም ያው ነው። ሉዶልፍ የሚባለው የጀርመን ሊቅ ከኛው መነኩሴ ከአባ ጎርጎርዮስ ግዕዝ ሲማር ይዞት ሄደ፣ በቃ።

ወለተ ጎንደር፦ ኧረ ቀስ! አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን፣ ጎታ ከተማ የገቡት በ1652 ነው። ጀርመኖቹ እኮ «ጋስት» ማለትም እንግዳ ሲበዛ «ጌስቲ» ይሉ የነበረው ከዚያ ቢያንስ 700 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ኢ ናት ከፊቷ ያለውን አ ስባ ኤ ያደረገችው። በኋላ ራሷ ደክማ ዛሬ «ጌስተ» ቀረ። ይሄ ደግሞ ለአማርኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ወሰደ ብለህ «ወሳዲ» ሳይሆን ወሳጅ ትላለህ፣ ከፈተ ብለህ ከፋች። ኢዋ ደን ጅ፣ ተን ች አድርጋ እብስ አለች። እኛ ጋ ተነባቢውን ነካች፣ እነሱ ጋ አናባቢውን።

ሊቀ ነገር፦ ሁላችሁም ሥሩን ስታችኋል። ሙተር ከ«መተረ» ነው። መተረ ቆራረጠ ነው፣ ዳዶ ደግሞ ተቆርጦ የወጣ ብረት ነው።

ወለተ ጎንደር፦ በዚህ አያያዝህ ሜትርም ከመተረ ነው ልትል ነው።

ሊቀ ነገር፦ ነዋ!

ማዶ ለማዶ፦ 😂 ለጠያቂው፦ ዳዶ እናት የተባለችው ቡሎኑን ሆዷ ውስጥ ስለምታስገባ ነው፣ የኛ ቧንቧ ሠራተኞች ወንዴና ሴቴ እንደሚሉት። ሲበዛ እንደ ብዙዎቹ የሴት ጾታ ስሞች ን ጨምራ ሙተርን ትላለች። አናባቢዋን ብቻ ለውጠው የሚበዙ የሴት ጾታ ስሞች እናትና ሴት ልጅ ብቻ ናቸው፣ ሌላ የለም። አንድ ቃል ሁለት ብዙ ሲኖረው ትርጉም ይለያል። ባንክ ሲበዛ «ባንከን» ካልክ ገንዘብ ቤት ነው፣ «ቤንከ» ካልክ አግዳሚ ወንበር። እኛም ሀገርን ሀገራት ስንል ሌላ፣ አህጉር ስንል ሌላ ነው። ቁጥርን በተመለከተ ደግሞ ዳዶህ ይበዛል። በነጠላ የሚቀረው መለኪያና ገንዘብ ነው፣ «ጽቫይ ኪሎ» (ሁለት ኪሎ)፣ «ጽቨልፍ ኦይሮ» (አሥራ ሁለት ዩሮ)። ቡና ቤት ስትገባም «ጽቫይ ቢር» (ሁለት ቢራ) ብለህ ታዛለህ።

የቆሎ ተማሪ፦ አህጉር ስንል ምን? አህጉር ራሱ ብዙ ነው እኮ!

ማዶ ለማዶ፦ በግዕዝ አዎ። ዛሬ ግን «አፍሪካ አህጉር ናት» ነው የሚባለው። ናት እንጂ ናቸው አትልም።

የቆሎ ተማሪ፦ ስህተት ሲለመድ ሰዋስው አይሆንም። አህጉራት የሚል ሰው ብዙን አበዛ፣ ቃላቶች ከሚለው በምን ተሻለ? ቅኔ ቤት ሰባት ዓመት የቆየሁት ይሄን ለመስማት አይደለም።

ወለተ ጎንደር፦ የኔታ ተቆጡ። ሰባት ዓመት ተቆይቶ ነው ጀርመንን በአንድ መነኩሴ ያስተማሩት?

ማዶ ለማዶ፦ ጀርመኖቹም እኮ ከቃላቶች ባዮች ናቸው። «ኬክስ» የሚሉት ብስኩት እንግሊዞች ኬክን አብዝተው የሚጠሩበት ቃል ነው። እነሱ ነጠላ መሰላቸውና «አይን ኬክስ» (አንድ ኬክስ) ብለው፣ ሲበዛ «ኬክሰ» አሉት። ብዙው እንደገና በዛ። ማንም የቅኔ መምህር አልተቆጣም።

ሊቀ ነገር፦ ኬክስም እንግዲህ ከ«ከከ» ነው። ተከክቶ የተጋገረ።

ወለተ ጎንደር፦ አንተን የሚያስቆምህ ምን ይሆን?

ጎማ ቤት፦ ወገን፣ ሐሙስ እኮ አለፈ። ስለ አህጉር የምትጣሉ መስሎኝ መሃል ያለውን አላነበብኩትም። «ጽቨልፍ ሙተር» ብዬ ጻፍኩ፣ መምህሩ ቀይ አስምሮ ጥጉ ላይ «ን!» አለበት። አሁን ነው የማዶ ለማዶን መልስ ያየሁት። እንጃ እንግዲህ።

የቆሎ ተማሪ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ቀጣዩን ታልፋለህ። አህጉር ግን ብዙ ነው።