የጎንደሩ ቢጫ ፖስታ ቤት «የቅኝ ግዛት ቅርስ» ነው እንዴ?

ጃንተከል፦ ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ላይ አንድ እንግዳ ስለ ጎንደር ፒያሳ ሲያወራ ሰማሁት። ጣሊያን የሠራቸውን ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን «የቅኝ ግዛት ዘመን ቅርሶቻችን» አላቸው። ጋዜጠኛውም ዝም። «ቅርሶቻችን» ያለውን ልለፈው። «ቅኝ ግዛት» ግን መቼ ተገዛንና ነው? ይጠገን አይጠገን የሚለው በኋላ ይደረስበታል። መጀመሪያ ስሙን አስተካክሉ።

ሲሚንቶ፦ አንተ ስም ስታርም ዝናቡ አይጠብቅህም ወንድሜ። ያ ሰፈር እንዲሁ የበቀለ አይደለም። የጎንደርን ፕላን ያወጣው ጌራርዶ ቦሲዮ የሚባል የፍሎሬንስ አርክቴክት ነው። ደሴንና ጅማንም ነድፏል። ከዚያ አልባኒያ ሄዶ ቲራና ላይ የሠራቸው ሕንፃዎች ውስጥ እስከ ዛሬ መንግሥት ይሠራባቸዋል። እዚያ ማንም «የማን ናቸው» እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ አይጮህም።

ጃንተከል፦ አልባኒያ ሌላ፣ እኛ ሌላ።

አዘዞ፦ ጣሊያኖች ጎንደር የገቡት መጋቢት 1928 ነው። እጃቸውን የሰጡት ኅዳር 1934። እጁን በመስጠት የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ የመጨረሻው ነበር፣ አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች ከወራት በኋላ ማለት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አርበኛው ጫካ ነበር። ይሄ ወረራ ነው የሚባለው። ተዘግቷል።

ሮማዊቷ፦ አልተዘጋም። ወራሪ ፖስታ ቤት ይሠራል እንዴ? ወራሪ ዘርፎ ይሄዳል። ፖስታ ቤትና ሲኒማ የሚገነባ ሰው ሊኖር የመጣ ነው። ያሰቡትን በስሙ ብንጠራው ምን እንሆናለን?

ጃንተከል፦ ማሰብና መሆን አንድ ሆኑ? ሌባ ቤትሽ ገብቶ አልጋ ቢዘረጋ የቤቱ ባለቤት ሆነ?

ሮማዊቷ፦ ባለቤትማ አልሆነም። ግን አልጋው ላይ 80 ዓመት ተኝተንበታል።

የአራዳ ልጅ፦ ሃሃሃ አልጋው ተመታ!

አዘዞ፦ የምን አልጋ ነው? እህቴ፣ ሮም ሆኖ ስለ አልጋ ማውራት ቀላል ነው።

ሮማዊቷ፦ ሮም ሆኜማ ብዙ አያለሁ። «የጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር» ይሆናል ብለው የጀመሩት ሕንፃ ዛሬ የፋኦ፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። እኛን ሊያስተዳድሩበት ያሰቡት ቢሮ ውስጥ አሁን ስለ ረሃባችን ይሰበሰባሉ። የአክሱም ሐውልት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊቱ ቆሞ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ገባ። ሕንፃውን ግን አላፈረሱትም።

አዘዞ፦ ራሳቸው የሠሩትን ለምን ያፈርሱታል? ምሳሌሽ ለእኔ ነው የሚመሰክረው።

ሲሚንቶ፦ ስለ ፍርስራሽ ከተነሳ አስመራ አለች አይደል? በ2017 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገባት እኮ በዚያው የጣሊያን ዘመን ግንባታዋ ነው።

ጃንተከል፦ ኤርትራ ተገዝታለች። እነሱ ቃሉን በትክክል ነው የሚጠቀሙት። ጎንደርን ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. የመዘገባት ግን በፋሲል ግቢ ነው፣ በቦሲዮ ፖስታ ቤት አይደለም።

የአራዳ ልጅ፦ እናንተ በቃል ተጨቃጨቁ። እኛ ጋ አዲስ አበባ ዶዘሩ መዝገበ ቃላት አላየም። ፒያሳ በ2016 ሄደች፣ ካዛንቺስ በ2017። ካዛንቺስ ራሱ እኮ የጣሊያን ስም ነው፣ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች የመጣ። ቤቱ ሄዶ ስሙ ቀረ። ፒያሳ ላይ ደግሞ የፈረሰው የጣሊያን ብቻ አይደለም፣ ከጣሊያን በፊት የነበረም አለበት። አሁን እናንተ «ወረራ ነው» ብላችሁ ካሸነፋችሁ ፖስታ ቤቱ በምን ይተርፋል?

አዘዞ፦ ማን ይፍረስ አለ?

የአራዳ ልጅ፦ ማንም አላለም። ፒያሳንም ማንም አላለም ነበር።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ገነተ ልዑል ፊት ለፊት የሲሚንቶ ደረጃ አለ። የሠራው ጣሊያን ነው። እያንዳንዱ እርከን ለፋሺስት ሥልጣን አንድ አንድ ዓመት ነው። ያውም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተወረወረበት ግቢ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ያ ሁሉ ደም መፍሰስ የጀመረበት። ከነፃነት በኋላ አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ የይሁዳን አንበሳ አስቀመጡበት። መዶሻ አጥተው እንዳይመስላችሁ።

ሲሚንቶ፦ ጋሼ፣ እጅ ነሳሁ።

ጃንተከል፦ ጋሼ፣ ምሳሌዎ ጥሩ ነው። ግን ፖስታ ቤቱ ላይ የተቀመጠው አንበሳ የቱ ነው? ቢጫ ቀለም ነው ያለው። አገር ጎብኚው ፎቶ አንስቶ «ውብ ነው» ብሎ ያልፋል። ቦሲዮ ነጩን ሰፈር እዚህ፣ የአገሬውን ሰፈር እዚያ ብሎ እንደለየው ማን ይነግረዋል? «ቅኝ ግዛት» ሲባል ደግሞ ጭራሽ የድሮ ጊዜ ጨዋታ ይመስላል።

ሮማዊቷ፦ ቆይ ቆይ። ሰው በዘር የለየ፣ ሰፈር የከፋፈለ፣ ሊኖር የመጣ አልክ። ይሄ ምን ይባላል ታዲያ?

ጃንተከል፦ ወረራ።

ሮማዊቷ፦ እሺ፣ መርካቶስ? ገበያውን ከአራዳ አንስተው ለአገሬው ሰው ብለው እዚያ የወሰዱት እነሱ ናቸው። መርካቶንም «የወረራ ገበያ» በለው።

የአራዳ ልጅ፦ መርካቶን አትንኩብኝ!! ከዚህ በኋላ ያለው የግል ጠብ ነው።

አዘዞ፦ ማኪያቶም ቀረልን በሏት።

ጡረተኛው፦ የፋሲልን ግቢም እኮ ጣሊያን ጽሕፈት ቤት አድርጎት ነበር። በእሱ ጦስ ነው የእንግሊዝ አውሮፕላን የደበደበው። የገባበትን ሁሉ በእሱ ስም የምንጠራ ከሆነ ግንቡም ሊቀርልን አይደለም።

ሲሚንቶ፦ ጋሼ፣ አሁን ከማን ጋር ነዎት?

ጡረተኛው፦ ከፖስታ ቤቱ ጋር። ደብዳቤ ስጠብቅ ስንት ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጫለሁ።

ጃንተከል፦ እኔ ግን «ቅኝ ግዛት» የሚለውን አልተውኩም። ነገ ሬዲዮ ጣቢያው ጋ እደውላለሁ።

ሮማዊቷ፦ ደውል። «ቅርሶቻችን» የሚለውን ግን አታስነካ።

ጃንተከል፦ እሱንም እጠይቃቸዋለሁ።