አርጃኖው ምግብ አልነካ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ያለሁት ድሬዳዋ ነው። ደቻቱ ወንዝ ዳር ልጆች በድንጋይ ሲያሳድዱት ያስጣልኩት አርጃኖ (ያ ትልቁ የእንሽላሊት ዘር) ቤቴ አለ። ጅራቱ ቆስሏል፤ እስኪድን ብዬ ነው እንጂ የዱር እንስሳ ቤት ማኖር እኔም አልወድም። ችግሩ እህል በአፉ አልዞረም። ጥሬ እንቁላል፣ የዶሮ ጉበት፣ ፌንጣ አቀረብኩለት፣ ምንም! ሹካ የመሰለ ምላሱን ብልጭ አድርጎ ሽታውን ያጣራና ዞሮ ጣውላው ሥር ይገባል። ጠጋ ስለው ደግሞ አንገቱን ነፍቶ ያፏጫል።

እኔ የጠረጠርኩት ሙቀቱን ነው። «በድሬ ሙቀት?» እንዳትሉኝ፤ ክፍሉ ፀሐይ አያገኝም፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ እነዚህ እንስሳት ደግሞ ፀሐይ ላይ ተጋድመው ሰውነታቸውን ካላሞቁ የበሉትን እንኳ መፍጨት አይችሉም።

ተራ መቶ ዋት አምፖል ይበቃዋል ወይስ ግቢ ላውጣው? ቢያመልጠኝስ? ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማስተኛት ይጠቅማል? ጎረቤቴ «አፉን ከፍተህ አጉርሰው» ትላለች፣ ጥርሱን ስላላየችው ነው። የጠየቅኩት የእንስሳት ሐኪምም ከፍየልና ከግመል ውጭ አልሞከርኩም አለኝ። ድሬ ወይ ሐረር እንዲህ ዓይነቱን የሚያክም የምታውቁ ካላችሁ፣ በናታችሁ ቶሎ ጠቁሙኝ፣ እየከሳብኝ ነው።