የምኒልክና የጣይቱ ጋብቻ ሚያዝያ 21 ነው 22?

ጫጫ፦
ሰላም ለቤቱ። ለሰንበት ትምህርት ቤታችን መጽሔት አጤ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ አንኮበር መድኃኔ ዓለም ስለተጋቡበት ቀን እየጻፍን ነው። በ1875 ዓ.ም. ፋሲካ መሆኑን ሁሉም ይስማማል። ቀኑን ግን ገሚሱ ሚያዝያ 21፣ ገሚሱ 22 ይላል። ደግሞስ «በተክሊል ተጋቡ» ቢባል ያስኬዳል?

የደብተራ ልጅ፦
22 ነው። ባሕረ ሐሳቡን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫውን የቤተ ክርስቲያን ስሌት፣ አውጡት። 5500 ላይ 1875 ሲደመር 7375 ዓመተ ዓለም። ለ19 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ስትተዉ ወንበሩ 2። በ11 ሲባዛ አበቅቴ 22፤ በ19 ሲባዛ 38፣ 30 ሲገደፍ መጥቅዕ 8። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

መጥቅዑ ከ14 ስላነሰ በዓለ መጥቅዕ የሚውለው ጥቅምት 8 ነው። ብዙ ሰው መስከረም 8 ብሎ ይጀምርና ጾመ ነነዌን ጥር ላይ ያሳርፋታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሻል።

አሁን ዕለቱ። የ7375 ሩብ፣ ትርፉ ሲተው፣ 1843፤ ሁለቱ ሲደመሩ 9218፤ ለ7 ሲካፈል 6 ይተርፋል፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ሲቆጠር መስከረም 1 እሑድ ማለት ነው። ጥቅምት 8 እንግዲህ ማክሰኞ። የማክሰኞ ተውሳክ (የሚጨመረው ቁጥር) 5፣ ከመጥቅዑ ጋር ተደምሮ መባጃ ሐመሩ 13። ነነዌ የካቲት 13 ገባች። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመር ሚያዝያ 22። 21 ብትሉ ቅዳም ሹር ላይ ሰረጋችኋቸው ማለት ነው፤ ጾሙ ሳይፈታ!

አንጎለላ፦
21 የመጣው ከፈረንጁ ነው። ኤፕሪል 29 ቀን 1883ን በዛሬው መቀየሪያ ስትመልሱት 21 ይሰጣል። ፈረንጆች በራሳቸው 1900 ጳጉሜን 6ን የመሰለችውን የፌብሩዋሪ 29 ቀናቸውን ስለዘለሉ ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፍቷል። ዓድዋም እንዲሁ ነው፦ የካቲት 23 ቀን 1888 ያኔ ማርች 1 ነበር፣ ዛሬ ማርች 2 ላይ ይውላል። የንጉሡ ልደትም፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836፣ ያኔ ኦገስት 17። ዕረፍታቸው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ግን ከፈረንጆቹ 1900 በኋላ ስለሆነ የዛሬው መቀየሪያ ይሠራለታል።

መርጌታ ነኝ፦
ተክሊል አትበሉ። ተክሊል የደናግል ነው። ምኒልክ መቅደላ ሳሉ የአጤ ቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽን አግብተው ነበር፤ ሸዋ ከተመለሱ በኋላ ደግሞ ወይዘሮ ባፈና ነበሩ። ጣይቱም ቀደም ሲል አግብተው ፈትተዋል። ለመዓስባን፣ ቀድሞ አግብተው ለሚያውቁ፣ ሥርዓቱ ሌላ ነው፤ ንስሐ ገብተው፣ ተጸልዮላቸው፣ አብረው ሥጋ ወደሙ ይቀበላሉ። «በቁርባን ተጋቡ» ብላችሁ ጻፉ፣ ይበቃል።

ክብደቱም እዚህ ላይ ነው። የሰማንያ ጋብቻ በሽማግሌ ፊት ንብረት ተካፍሎ ይፈርሳል፤ ቁርባን አይፈታም። የሸዋው ንጉሥ የስሜኑን የደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያምን ልጅ እንዲህ ባለ ማሰሪያ ሲያገቡ ከሰሜኑ መሳፍንት ጋርም መዛመዳቸው ነው። ልጅ አልወለዱም፤ ዘውዲቱና ሸዋረጋ ከሌሎች እናቶች ናቸው። ጋብቻው ግን ንጉሡ እስኪያርፉ ከ30 ዓመት በላይ ጸንቷል።

ጫጫ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ከፎቶው ሥር «አጤ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ፣ 1875» ብለን ነበር።

አንጎለላ፦
እሱንም አርሙት። በ1875 ገና ንጉሠ ሸዋ ናቸው። እንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ሲሆን፣ ጣይቱ እቴጌ የተባሉት ከሁለት ቀን በኋላ፣ በ27 ነው። «ንጉሥ ምኒልክና ወይዘሮ ጣይቱ» በሉ። ፎቶው ላይ ጣይቱ ዘውድ ደፍተው ከሆነ ደግሞ የ1875 አይደለም።